ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ
በሐዋሳ ከተማ በታቦር፣ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው በዓል ስሙ ኢዮቤልዩ ነው። ስሙ የመጣው ከኦሪት ነው፤ ሥርዓቱም በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት ሲደርስ በአገሩ ሁሉ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር። በዚያ ዓመት በድኽነት ምክንያት ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ራሱን ለባርነት የሰጠም አርነት ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባል። ገዢው ምንም ባለጠጋ ቢሆን፣ ሻጩም ምንም ድኻ ቢሆን፣ የርስቱ ጌታ እግዚአብሔር ነውና ርስት ለዘላለም ሊሸጥ አይቻልም ነበር።

ይህን ሥርዓት የሰማ ሰው፣ በዛሬው ዘመን መሬት በዚህ ሥርዓት አይመለስምና የኢዮቤልዩ በዓል ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። ሰው ከመሬቱ በፊት የተቀበለው ሌላ ርስት አለው። ይኸውም በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩና፣ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ለእርሱ የተሰጠው ጸጋ ነው። መሬቱን የሚሸጥ ሰው ዋጋ ይቀበላል፤ ይህን ርስት የሚጥል ግን ያለ ዋጋ ይጥለዋል። የሌላውን መልክ አይቶ የራሱን መልክ የጠላ፣ የሌላውን አንደበት ሰምቶ በእናቱ ቋንቋ ያፈረ፣ ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ የተወለደበትን ቀበሌ የደበቀ፣ የጎረቤቱን ልጅ ትምህርት አይቶ የራሱን ልጅ «አንተ ለምንም አትረባም» ያለ፣ ይህ ሁሉ ርስቱን የሚጥል ሰው ነው። እንግዲህ የዚህ ቀን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደዚህ ርስቱ ይመለስ ዘንድ።

ይህንም ለማስተማር ከታቦር የሚሻል ስፍራ አይገኝም። በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ የቆመው ኮረብታ ስሙ ከገሊላው ታቦር ጋራ አንድ ነው። ወንጌላውያን ጌታ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን ተራራ ስሙን ባይጽፉትም፣ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ታቦር ብሎ ይጠራዋል። በዓሉም ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል፤ ጅራፍ የሚጮኽበት፣ ልጆች በየደጁ የሚዞሩበት፣ ሙልሙል የሚታደልበት የቡሄ በዓል ነው።

በዚያ ተራራ ላይ ከሐዋርያት ሦስቱ፣ እነርሱም ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ነበሩ፤ ከነቢያትም ሁለቱ፣ ሙሴና ኤልያስ ታዩ። እነዚህ ሁለት ነቢያት በሕይወታቸው ዘመን ስለ ራሳቸው ምን ያስቡ እንደ ነበር መመርመር ይገባል።

ሙሴ ወደ ፈርዖን ሂድ በተባለ ጊዜ አንደበቱ ኰልታፋ መሆኑን አስቦ ሌላ ሰው ይላክ ዘንድ ለመነ። እግዚአብሔርም የሰውን አፍ የፈጠረ ማን እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ነገር ግን የሙሴን አንደበት ወደ አሮን አንደበት አልለወጠውም። አሮንን ረዳት አድርጎ ሰጠው፤ ሙሴን ግን ሙሴ እንደ ሆነ ላከው። ባሕሩም የተከፈለው አንደበቱ በተባ ሰው እጅ ሳይሆን በዚያው በኰልታፋው በሙሴ እጅ ነው።

ኤልያስም እንዲሁ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ታላቅ ተአምር ካደረገ በኋላ፣ ከኤልዛቤል ዛቻ የተነሣ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ነፍሱ ትወሰድ ዘንድ ለመነ፤ ምክንያቱንም ሲናገር ከአባቶቹ እንደማይሻል ገለጠ። ልብ በሉ፤ የዚያን ታላቅ ነቢይ ልብ የሰበረው የንግሥቲቱ ሰይፍ ብቻ አይደለም፤ ራሱን ከሌሎች ጋራ መመዘኑም ነው። እግዚአብሔር ግን አልተቈጣውም፤ ከአባቶችህ ትሻላለህ ወይም ታንሳለህ ብሎም አልተከራከረውም። መልአኩን ልኮ እንጐቻና ውኃ አቀረበለት፤ ደግሞ አስተኛው፤ ሁለተኛም አበላው። ኃይሉ ከተመለሰ በኋላ መንገድ ሰጠው፤ ሥራም ሰጠው፤ ብቻውን እንዳይቀርም ኤልሳዕን ተከታይ አድርጎ ሰጠው። ሞትን የለመነው ያ ሰው ሞትን ሳያይ ዐረገ፤ በታቦርም ከጌታው ጋራ ሲነጋገር ታየ።

በዚያም ጌታ ሙሴን ኤልያስ አላደረገውም፤ ኤልያስንም ሙሴ አላደረገውም። ብርሃኑ ሁለቱንም ከበባቸው፤ ማንነታቸውን ግን አላጠፋም። ጴጥሮስም ሦስት ዳስ ለመሥራት በፈለገ ጊዜ ለጌታው አንድ፣ ለሙሴ አንድ፣ ለኤልያስ አንድ አለ እንጂ፣ ሁለቱ ነቢያት በአንድ ዳስ ይጨመሩ አላለም። እንግዲህ የእግዚአብሔር ብርሃን ሰውን ከሰው የሚለየውን መልክ የሚገልጥ እንጂ የሚደመስስ አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ክብር ነው፤ ሁለተኛው ጸጋ ነው። ክብር ለሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ምክንያቱም ከአንዱ ፈጣሪ የመጣ እንጂ ሰው በሥራው ያገኘው አይደለም። የንጉሥ ልጅና የለማኝ ልጅ፣ የተማረና ያልተማረ፣ ጤነኛና በሽተኛ በዚህ አንድ ናቸው። ጸጋ ግን ልዩ ልዩ ነው። ክብር እኩል መሆኑን የረሳ ሰው ሌላውን ይንቃል፤ ጸጋ ልዩ ልዩ መሆኑን የረሳ ሰው ደግሞ ራሱን ይንቃል።

በወንጌል የተጻፈውን የመክሊት ምሳሌ አስቡ። አምስት መክሊት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለው ሁለት አተረፈ። ጌታቸው በተመለሰ ጊዜ ለሁለቱም የሰጣቸው ምስጋና በቃል እንኳ አንድ ነው፤ የሁለቱ ምስጋና ከአምስቱ ምስጋና አንዲት ቃል አላነሰም። ሦስተኛውም የተወቀሰው አንድ መክሊት ብቻ ስለ ያዘ አይደለም፤ ስለ ቀበረው ነው።

ምናልባት ይህ ትምህርት ትዕቢትን ያመጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ይኖር ይሆናል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ አባቶች ስለ ትሕትና አጥብቀው አስተምረዋልና። ነገር ግን ትሕትና ማለት በራስ ላይ የሐሰት ምስክር መሆን አይደለም። ትዕቢተኛ ራሱን ከሌላው ጋራ መዝኖ ከፍ ያደርጋል፤ ራሱን የሚንቅም ራሱን ከሌላው ጋራ መዝኖ ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱም በአንድ ሚዛን ላይ ተቀምጠዋል። ትሑት ሰው ግን ከሚዛኑ ወርዶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የተሰጠውን ያውቃል፤ የሰጠውንም ያውቃል፤ ስለዚህ አይመካም፤ አያፍርምም።

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳ የአገራችን የቅኔ ትምህርት ቤት ነው። ቅኔ ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ በተባሉት ቤቶች ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው፤ እነዚህም ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ አላቸው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ ምግቡን በየደጁ ለምኖ ይማራል። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ በኋላም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይናገራል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል።

በዚህ ትምህርት ቤት የታወቀ ሕግ አለ፤ ይኸውም ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ይሆን ዘንድ ነው። ዜማው፣ ቤቱና የግዕዙ አገባብ ከአባቶች የተቀበሉት ነው፤ ሰሙና ወርቁ ግን ከባለ ቅኔው ከራሱ ልብ ሊወጣ ይገባል። የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ ይነወራል፤ ቅኔው ምንም ያማረ ቢሆን መምህሩ አይቀበለውም። ከገዛ ልቡ የወጣውን ግን ጐደሎም ቢሆን ይቀበለዋል፤ የተጣመመውን አቃንቶ፣ የጐደለውን ሞልቶ ይመልስለታል። እንግዲህ በሌላ ሰው ኑሮ የሚቀና ሰው የተሰረቀ ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት እንደሚቀርብ ተማሪ ነው። ፈጣሪ ከእርሱ የሚፈልገው የእርሱን ነው፤ ጐደሎ ቢሆን የሚያቃና መምህር አለውና።

ደግሞም የራሴ ነው ብሎ ቤቱን ያፈረሰ፣ አገባቡን የሳተ ቅኔ አይመሰገንም። ልዩ መሆን ማለት ሕግን መጣስ፣ ታላቅን አለማክበር፣ እንደ ፈቀዱ መኖር አይደለም። ባለ ቅኔ ከአባቶች በተቀበለው ቤት ውስጥ ሁኖ አዲስ ነገር እንደሚናገር፣ ሰውም በእግዚአብሔር ሕግ ውስጥ ሁኖ የራሱን ጸጋ ይገልጣል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። እርሳቸው የጎጃም ሰው ሲሆኑ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተዋል። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ቅኔን በአባታቸው ጉባኤ ተማሩ፤ በ20ኛው መቶ ዓመትም በጽላሎ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርትን በቅኔ አስተማሩ። በዚያ ዘመን ሴት በቅኔ መምህርነት ወንበር ላይ መቀመጧ እጅግ ያልተለመደ ነበር፤ ማየት የተሳነው ሰው ብዙ በር እንደሚዘጋበትም የታወቀ ነው። ብራና መጻፍ የዓይን ሥራ ነው፤ ቅኔ ግን የጆሮና የልብ ሥራ ነው። በተዘጋው በር ፊት ዕድሜአቸውን ቢጨርሱ ኖሮ የሚፈርድባቸው አልነበረም፤ እርሳቸው ግን በተከፈተላቸው በር ገቡ። የቅኔ ወንበራቸውም ለእርሳቸው ብቻ አልጠቀመም፤ ዓይን ያላቸው ወንዶች ልጆች ማየት ከተሳናት ሴት እግር ሥር ተቀምጠው ምሥጢር ተማሩበት።

በባዕድ አገር ደግሞ የራሳቸውን ሳይንቁ የኖሩ ሌላ ሰው አሉ፤ እርሳቸውም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመን ሊቅ በሮም ከተማ አገኛቸው፤ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር ወደምትገኘው ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱ። የሄዱበት አገር በድንጋይ ቤቱ፣ በማተሚያው፣ በመጻሕፍቱ የበለጸገ ነበር፤ እርሳቸው ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ስደተኛ መነኵሴ ነበሩ። ነገር ግን ያ ሊቅ የፈለገው ማንም አውሮፓዊ ሊሰጠው የማይችለውን፣ እርሳቸው ከእናታቸውና ከመምህራቸው አፍ የተቀበሉትን ግዕዝና አማርኛ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ትምህርታቸው ግን አልሰጠመም፤ ሉዶልፍ በ1661 ዓ.ም. የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1698 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ስደተኛው መነኵሴ በአገራቸው ቋንቋ አፍረው ዝም ቢሉ ኖሮ፣ አውሮፓ ይህን ትምህርት ከማን ይቀበል ነበር?

አሁን ደግሞ ከሩቅ አገር ወደዚህ ከተማ እንመለስ። ሐዋሳ የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። በሲዳማ ምድር ላይ፣ በሐይቁ ዳር በተሠራችው በዚህች ከተማ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐዲያው፣ ከምባታውና ሌላውም ወገን ጎረቤት ሁኖ ይኖራል። ብዙ ዓይነት ሰው በአንድ ስፍራ ሲኖር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ አንዱ ከሌላው ይማራል፣ ወይ አንዱ ከሌላው ጋራ ራሱን ሲመዝን ይኖራል።

የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ፍቼ ጫምባላላን ያከብራል። አያንቶ የሚባሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን መርምረው ቀኑን ይወስናሉ፤ ሕዝቡም በሐይቁ አጠገብ በጉዱማሌ ይሰበሰባል። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የዓለም ሕዝብ ቅርስ ሁኖ ተጻፈ። ከዚያ አስቀድሞ የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ ከዚያም በኋላ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ክብርን አልፈጠረም። የተመዘገቡበት ቀን ዋጋቸው ለሌላው የታወቀበት ቀን ነው እንጂ ዋጋቸው የጀመረበት ቀን አይደለም። ማንም ሳያያቸው ከዋክብትን ሲቈጥሩ የኖሩት ሽማግሌዎች፣ ማንም ሳያመሰግናቸው ደመራ ሲደምሩ የኖሩት አባቶች፣ የራሳቸውን ንቀው ቢተዉት ኖሮ ለመዝገቡ የሚጻፍ ነገር ባልተገኘ ነበር። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሰዎች ሲያመሰግኑት ይታወቃል እንጂ ሰዎች ሲያመሰግኑት አይፈጠርም።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ ከገጠር እየመጡ በልብስ ስፌት ሥራ ገብተዋል። በዚያ ሥራ ልብስ ሁሉ በአንድ ልክ ይቈረጣል፤ አንዱ ሸሚዝ ከሌላው ቢለይ ጉድለት ይባላል። ለልብስ ይህ የተገባ ሕግ ነው። ነገር ግን ልብሱን የምትሰፋው ልጅ እንደ ልብሱ በሌላ ልክ የተቈረጠች አይደለችም። ማታ ደክማ ወደ ኪራይ ቤቷ ስትመለስ በስሟ የሚጠራት፣ ከየት አገር እንደ መጣች የሚጠይቃት፣ የአገሯን ነገር ስትናገር የማይስቅባት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ሰው በደብሩ ግቢ ካላገኘች ከየት ታገኛለች?

ደግሞ በዚህ ዘመን ወጣቱ ሁሉ በእጅ ስልኩ የሌላውን ኑሮ ሲመለከት ያመሻል። እዚያ የሚታየው ሌላው ሰው ከቀኑ ሁሉ መርጦ ያወጣት አንዲት ሰዓት ናት፤ ኀዘኑን፣ ዕዳውንና ሕመሙን አላሳየም። ተመልካቹ ግን የራሱን ሙሉ ቀን ከዚያች ከተመረጠች ሰዓት ጋራ እያስተያየ ራሱን ይንቃል። ይህ የተጭበረበረ ሚዛን ነው።

ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ፣ በምትኩ የሚሻል ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ቃል ገባ። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ነበርና እንቢ አለ። የንጉሡ ነገር የትኛው ይሻላል የሚል ነበር፤ የናቡቴ ነገር ግን እግዚአብሔር ለማን ሰጠው የሚል ነበር። ናቡቴም በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሞተ። ስለ ደሙ ንጉሡን ፊት ለፊት የወቀሰውም ሌላ አይደለም፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ራሱን ንቆ ሞትን የለመነው ያው ኤልያስ ነው። ራሱን ከመናቅ የተፈወሰ ሰው ለተናቀው ጠበቃ ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን እርስ በርሳቸው ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋራ አትመዝኗቸው። አንዱ በመጽሐፍ፣ አንዱ በእጅ ሥራ፣ አንዱ በንግድ፣ አንዱ ሕመምተኛ በማስታመም ይበረታል፤ ምን እንደ ተሰጠው ተመልክታችሁ በዚያ አበርቱት። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፤ ዜማ የማይሳካለትን ልጅ ከደጅ አትመልሱት፤ ሌላ አገልግሎት ፈልጉለት። ወጣቶች ሆይ፤ ስማችሁን፣ ቋንቋችሁን፣ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ አትሸሽጉ፤ የሌላውንም ስምና ቋንቋ መሳለቂያ አታድርጉ። የራሱን ርስት የሚያከብር የባልንጀራውን ድንበር አይገፋምና።

ከሁሉም በላይ፣ ከመካከላችሁ እንደ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች የተቀመጠ ሰው ቢገኝ፣ ሕይወቱን ጠልቶ እኔ ለምንም አልረባም ቢል፣ ተግሣጽ አታስቀድሙበት። መልአኩ ያደረገውን አድርጉ። እንጀራና ውኃ አቅርቡለት፤ አሳርፉት፤ ብቻውን አትተዉት፤ ሐኪም ካስፈለገውም እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ምክርና ሥራ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ኤልያስ ከምድረ በዳው ወደ ታቦር የደረሰው አስቀድሞ እንጀራ የሰጠው ስለ ነበረ ነውና።

በጥንት ዘመን ቀንደ መለከቱ ሲነፋ ድኻው ርስቱን የሚያስመልስበት ገንዘብ አልተጠየቀም፤ ተነሥቶ እንዲሄድ ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ዛሬም በዚህ ደብር የኢዮቤልዩ ድምፅ ተሰምቷል። ራሱን በሌላው ሚዛን ሲመዝን የኖረ ይነሣ፤ የቀበረውን መክሊት ያውጣ፤ የገዛ ልቡን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቅረብ። በታቦር ሙሴን ሙሴ፣ ኤልያስን ኤልያስ አድርጎ ያከበረ አምላክ የዚህን ደብር ልጆች ሁሉ በየስማቸው ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።